የመንግሥት ጀማሪ ሠራተኛ ቅጥር ፈተና በጎጃም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በጎጃም ወረዳዎችና ከተሞች «0 ዓመት» (የሥራ ልምድ የማይጠይቅ) በሚል ማስታወቂያ ለሚወዳደሩ የዲግሪና የቴክኒክና ሙያ ምሩቃን የሚሆኑ ናቸው። መልሶቹ የሚያተኩሩት ተወዳዳሪን በተደጋጋሚ በሚጥሉ ነገሮች ላይ ነው። ከእነዚህ ግማሾቹ ከፈተናው ክፍል ውጭ የሚያጋጥሙ ናቸው።

ማስታወቂያው የት ይወጣል? ቴሌግራም ላይ ያየሁትን ልመን?

የወረዳ ቅጥር በወረዳው ሲቪል ሰርቪስ ጽሕፈት ቤትና በቀጣሪው መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የዞኑን ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም እንጅባራ ካሉት መምሪያዎች ያገኙታል። የክልሉን በበኵር ጋዜጣ፣ የፌዴራሉን በአዲስ ዘመን ይፈልጉ። ቴሌግራም ጥሩ ጠቋሚ ነው፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም። የሚዘዋወረው ፎቶ ብዙ ጊዜ ግርጌው የተቆረጠ ነው፤ የመመዝገቢያው ቦታ፣ የመዝጊያው ቀንና ማኅተሙ ያሉት ደግሞ ግርጌው ላይ ነው። የደብዳቤ ቁጥርና ማኅተም የሌለው ማስታወቂያ አይተው መኪና አይሳፈሩ። እዚያው ከተማ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሰሌዳውን ሙሉውን ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ።

ቀኑንም በጥንቃቄ ይቁጠሩ። «ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለተከታታይ 10 የሥራ ቀናት» የሚል ማስታወቂያ ሰኞ ከተለጠፈ፣ አሥረኛው ቀን የሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ነው። መካከል ላይ እንደ ጥምቀት ያለ በዓል በሥራ ቀን ከዋለ ወደ ቀጣዩ ሰኞ ይሻገራል። ይህን ቆጥሮ የመጨረሻዋን ከሰዓት በኋላ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም፤ መብራት ሲጠፋ ፎቶ ኮፒ የለም፣ መዝጋቢው ስብሰባ ከገባ ተተኪ የለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይመዝገቡ።

ማስታወቂያው ላይ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

ደመወዙን አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው «ተፈላጊ የትምህርት ዝግጅት» የሚለው ዓምድ ነው። የትምህርት ክፍልዎ ስም እዚያ ላይ ቃል በቃል ካለ ጨርሰዋል። ከሌለ፣ ለምሳሌ ማስታወቂያው «ማኔጅመንት» ብሎ የእርስዎ ዲግሪ «ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን» ከሆነ፣ «ያው ነው» ብለው አይሰለፉ። ተመሳሳይ ሙያ የሚባለው በመመሪያ የተዘረዘረ ነው፤ መዝጋቢው ደስ ስላለው የሚቀበለው፣ ስላላለው የሚመልሰው አይደለም። ወደ ሰው ሀብት ክፍሉ ገብተው «ለዚህ የሥራ መደብ የሚፈቀዱትን የትምህርት ዝግጅቶች ያሳዩኝ» ይበሉ። ከተመዘገቡ በኋላ በማጣራት መውደቅ ከመመለስ የባሰ ነው፤ በዚያው ሳምንት ሌላ መደብ ላይ የመመዝገብ ዕድልዎን ይበላል።

ቀጥሎ የሥራ ቦታውን ያንብቡ። «በወረዳው ሥር በሚገኙ ቀበሌዎች» ከሚል ማስታወቂያ ላይ ተመዝግቦ ከተማ እመደባለሁ ማለት አይሠራም። አዊ ውስጥ ከኅብረተሰቡ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ መደብ ከሆነ ደግሞ አገውኛ መቻል ቢጠየቅ አይድነቅዎ። የሥራ ደረጃውንና የሚፈለገውን የሰው ብዛት ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ለአንድ ቦታና ለስድስት ቦታ የሚደረግ ዝግጅት ባይለያይም የትኛው መደብ ላይ እንደሚመዘገቡ ለመወሰን ይረዳል።

ለምዝገባ ምን ምን ልያዝ?

ዋናውንና ሁለት ሁለት ኮፒ፦ ዲግሪ ወይም ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ ማስረጃ)፣ ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጥ የውጤት ዝርዝር)፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ መታወቂያ (ቀበሌም ይሁን ፋይዳ፣ ሁለቱም ቢኖሩ ጥሩ)፣ አራት ጉርድ ፎቶ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የቀረው ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የተማረ ሰው የ10ኛ ሰርተፊኬት አምጣ ቢባል ይህንኑ ማስረዳት ይበቃዋል። ከዚያ በፊት የተፈተነ ግን መያዝ አለበት።

የቴክኒክና ሙያ ምሩቅ ከሆኑ ሲኦሲ የግድ ነው፤ በተመዘገቡበት ደረጃ የተሰጠ የብቃት ማረጋገጫ። የደረጃ 4 ዲፕሎማ ይዞ የደረጃ 3 ሲኦሲ ማቅረብ በጣም የተለመደ የመውደቂያ ምክንያት ነው። የጤና ባለሙያ ደግሞ የሙያ ፈቃዱን ይጨምራል።

ሁለት ማሳሰቢያ። አንደኛ፣ የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጥ ስለሆነና ማለፊያው 50 ከመቶ ስለሆነ፣ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ሰው «ትምህርቴን ጨርሻለሁ» የሚል ደብዳቤ ይዞ በዲግሪ መደብ መመዝገብ አይችልም። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለቀጣሪው የሚልከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከወጪ መጋራት ክፍያ ጋር የተያያዘ ነው። ለምዝገባ ስቱደንት ኮፒ ይበቃል፤ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻሉን የሚጠይቅ መደብ ከሆነ ግን አስቀድመው ይዘጋጁ።

ኮፒዎቹን በቅደም ተከተል ክላሰር ውስጥ ያስገቡ። መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ የተለቀመ ወረቀት አንዱ ጠፍቶ ይገኛል፤ የጠፋው ደግሞ ሁልጊዜ የ8ኛ ክፍል ካርድ ነው።

ስሜ አንዱ ማስረጃ ላይ «ተስፋየ»፣ ሌላው ላይ «ተስፋዬ» ይላል። ችግር አለው?

አለው። በእኛ አካባቢ «የ»ና «ዬ»፣ «ፀ»ና «ጸ»፣ «ሃ»ና «ሀ» እየተቀያየሩ መጻፋቸው የተለመደ ነው፤ በአማርኛው ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። የሚከብደው በእንግሊዝኛው ፊደል ላይ ያለ ልዩነትና የአያት ስም መለያየት ነው። ፈተናውን አልፈው ማስረጃዎ ወደ ተቋሙ ተልኮ «የዚህ ሰው አይደለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ማስተካከል የሚጀምረው ከስህተቱ ምንጭ ነው። የተሳሳተው የትምህርት ቤቱ ከሆነ ትምህርት ቤቱ መዝገቡን አይቶ ደብዳቤ ይጽፋል። ፋይዳው ላይ ከሆነ ማስተካከያው በምዝገባ ጣቢያ ነው። ሁለቱም የሚሉት የተለያየ ሕጋዊ ስም ከሆነ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይኬዳል። የቀበሌ «አንድ ሰው ናቸው» ደብዳቤ ለጊዜው ያስመዘግባል እንጂ የመጨረሻ መፍትሔ አይሆንም። ማስታወቂያ እስኪወጣ አይጠብቁ፤ ዛሬ ማስረጃዎን ሁሉ ጎን ለጎን ዘርግተው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።

ፈተናው ከምን ይወጣል?

ከሥራ መዘርዝሩ። ይህን መልስ ብዙዎች ይሰሙታል፤ የሚሠሩበት ግን ጥቂቶች ናቸው። ጥያቄ የሚያወጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ሙያ ባለሙያ ነው፤ ፊቱ የሚያስቀምጠው የመደቡን የሥራ መዘርዝርና የሚሠራበትን መመሪያ ነው። የዩኒቨርሲቲ ደብተርዎን አይደለም።

አንድ መደብ በቅርበት እንይ፤ «የንብረት ኦፊሰር»። መዘርዝሩ «ገቢ ንብረት ይረከባል፣ ወጪ ያደርጋል፣ ይመዘግባል፣ ቆጠራ ያካሂዳል» ይላል። «ይረከባል» ከሚለው ሞዴል 19 ይመጣል፤ ንብረት ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ የሚቆረጠው ሰነድ ነው። «ወጪ ያደርጋል» ከሚለው ሁለት ሰነድ ይመጣል፦ ጠያቂው የሚሞላው ሞዴል 20ና ዕቃው ሲወጣ የሚቆረጠው ሞዴል 22። «ይመዘግባል» ከሚለው የቢን ካርድና የስቶክ ካርድ ልዩነት ይመጣል። ቢን ካርድ ዕቃው ካለበት መደርደሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ብዛት ብቻ ይይዛል፤ ስቶክ ካርድ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ብዛትም ዋጋም ይይዛል። ጥያቄው «በቆጠራ ወቅት ቢን ካርዱ 40፣ መደርደሪያው ላይ 37 ወንበር ቢገኝ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ሊመጣ ይችላል። «ካርዱን 37 ብዬ አስተካክላለሁ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ዜሮ ያገኛል። መጀመሪያ ያልተመዘገበ ሞዴል 22 መኖሩ ይጣራል፣ ልዩነቱ በቆጠራ ሰነዱ ላይ ይሰፍራል፣ ለኃላፊ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ካርድ የሚስተካከለው ውሳኔ ሲሰጥ ነው። «ቋሚ» እና «አላቂ» ንብረትም ከነምሳሌያቸው ይወቁ።

በየትኛውም መደብ ይህንኑ ያድርጉ። መዘርዝሩ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ግሥ አስምረው «በምን ሰነድ? በማን ፈቃድ? በስንት ጊዜ?» ብለው ይጠይቁ። የማያውቁትን ይዘው በወረዳዎ ያው ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ። ሻይ ጋብዘው አንድ ሰዓት ቢቀመጡ ከአንድ ጥራዝ ወርክሺት ይበልጣል። መዘርዝሩን ቀጣሪው ሰው ሀብት ክፍል ይጠይቁ፤ አንሰጥም ካሉ እዚያው አንብበው ይቅዱ።

ጠቅላላ ዕውቀት የሚባለውስ?

ከሕገ መንግሥቱ፣ ከሲቪል ሰርቪስ ሕጉና ከለውጥ መሣሪያዎች (እንደ ካይዘን ካሉ የአሠራር ማሻሻያ ዘዴዎች) የሚወጣ ነው። ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጽ አለው፤ ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም። ከአንቀጽ 8 እስከ 12 ያሉትን አምስት መሠረታዊ መርሆዎች (የሕዝብ ሉዓላዊነት፣ የሕገ መንግሥት የበላይነት፣ የሰብአዊ መብት፣ የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት፣ ግልጽነትና ተጠያቂነት) በቅደም ተከተል ይያዙ። አንቀጽ 25 እኩልነት፣ 35 የሴቶች መብት፣ 40 የንብረት መብት፣ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ቀኖች በአንድ ዓመት ውስጥ ስለሆኑ በምርጫ ጥያቄ ጎን ለጎን ይቀርባሉ። የክልሉ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 59/1994 የወጣ ነው፤ የክልሉ ሕጎች የሚታተሙበት ጋዜጣ «ዝክረ ሕግ»፣ የፌዴራሉ «ነጋሪት ጋዜጣ» ይባላል።

የካይዘን አምስቱ «ማ»ዎች ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው። ትርጉማቸውን ሳይዙ ስማቸውን ብቻ የያዘ ሰው «ከሥራ ቦታ የማያስፈልገውን መለየትና ማስወገድ የትኛው ነው?» ሲባል «ማጽዳት» ብሎ ይስታል፤ መልሱ ማጣራት ነው። የሚዛናዊ ሥራ አመራር (ቢኤስሲ) አራት ዕይታዎች የተገልጋይ፣ የፋይናንስ፣ የውስጥ አሠራር፣ የመማማርና ዕድገት ናቸው። 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ደግሞ (ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ምሥጢር ጠባቂነት…) ብዙ ጊዜ በዝርዝር ሳይሆን በሁኔታ ይጠየቃሉ፦ ዘመድ ወረፋ ሳይጠብቅ ቢመጣ፣ ስለ አንድ ባለጉዳይ ፋይል ጓደኛ ቢጠይቅ።

ሂሳብ እፈራለሁ። ምን ያህል ይወጣል?

ከመቶኛ፣ ከሩብ ዓመትና ከግብር አያልፍም። ለሒሳብ ሠራተኛ መደብ ግን ይበዛል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። የ2018 በጀት ዓመት የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2017 ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ሩብ ዓመት ጥር፣ የካቲትና መጋቢት ነው፤ «ከመስከረም ቆጥሬ» የሚል ሰው ይስታል።

አንድ ወረዳ 480 ሄክታር በኩታ ገጠም ለመዝራት አቅዶ 408 ቢሠራ አፈጻጸሙ 408 ለ480 ሲካፈል 85 ከመቶ ነው። ባለፈው ዓመት የተሠራው 320 ሄክታር ከሆነ ዕድገቱ 88 ለ320፣ ማለትም 27.5 ከመቶ ነው። አፈጻጸም የሚካፈለው ለዕቅድ፣ ዕድገት የሚካፈለው ላለፈው ዓመት ነው፤ ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የግብርና መደብ ከሆነ ቃዳን ወደ ሄክታር መቀየር ይለማመዱ፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው።

ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ከመቶ ነው። «ታክስን ጨምሮ 2,300 ብር» ከተባለ ታክሱ 2,300 ሲባዛ በ15፣ ሲካፈል ለ115፣ ማለትም 300 ብር ነው። 2,300ን በ15 ከመቶ አባዝቶ 345 የሚል ሰው አያንስም።

የደመወዝ ገቢ ግብር ላይ አሮጌ ወርክሺት ብዙ ሰው ጥሏል። በአሮጌው ሕግ ግብር የማይከፈልበት ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር። በአዋጅ 1395/2017 መሠረት እስከ 2,000 ብር ግብር የለም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ድረስ 15 ከመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20፣ እስከ 10,000 ድረስ 25፣ እስከ 14,000 ድረስ 30፣ ከዚያ በላይ 35 ከመቶ ነው። አጭሩ መንገድ ጠቅላላውን በመጨረሻው መጣኔ አባዝቶ ተቀናሹን ማንሳት ነው፤ ተቀናሾቹ በቅደም ተከተል 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ናቸው። 9,000 ብር ደመወዝ፦ 9,000 በ25 ከመቶ 2,250፣ ሲቀነስ 850፣ ግብሩ 1,400 ብር። የሠራተኛው ጡረታ 7 ከመቶ 630 ብር፤ የተጣራው 6,970 ብር። ግብሩ የሚሰላው ከጡረታ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ነው፤ ጡረታውን አስቀድሞ የሚቀንስ ሰው መልሱን ያበላሻል። የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ 11 ከመቶ ሲሆን ከሠራተኛው ደመወዝ አይቀነስም።

የተግባር ፈተና ያለበት መደብስ?

ለጸሐፊ፣ ለሪከርድ ሠራተኛ፣ ለአይሲቲና ለሾፌር የተለመደ ነው። የጽሕፈት ፈተና ላይ ፍጥነት ብቻ አይደለም የሚታየው፤ የደብዳቤው ቅርጽም ይታያል። ቁጥርና ቀን በስተቀኝ ላይኛው ጥግ፣ «ለ» ብሎ ተቀባዩና ከተማው ከስር ተሰምሮበት፣ «ጉዳዩ፦» መሐል ላይ፣ ፍሬ ሐሳቡ፣ «ከሰላምታ ጋር»፣ በስተግራ ግርጌ «ግልባጭ»። በስልክ የለመደ ጣት ኪቦርድ ላይ ይደነብራል፤ በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የሚፈተኑ ከሆነ ኢንተርኔት ቤት ገብተው ለሁለት ሳምንት በቀን ግማሽ ሰዓት ይለማመዱ። ሳይበላሽ የቀረ ገጽ ከፍጥነት ይበልጣል። በኤክሴል ደግሞ ድምርና አማካይ ማውጣት፣ ረድፍ መደርደርና ገጽ ማተሚያ ማስተካከል ይበቃል።

የድሮ ጥያቄ ጥራዝ ልግዛ?

ከገዙ የጥያቄውን ዓይነት ለማየት እንጂ መልሱን ለመሸምደድ አይሁን። መልሶቹ ሲቀዳዱ የተበላሹ ናቸው፤ ሕጎቹም ተሽረዋል። ለምሳሌ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን የሚመለከተው አዋጅ 1064/2010 በአዋጅ 1353/2017 ተተክቷል፤ ጥራዞቹ ግን አሁንም አሮጌውን ይዘው ይሸጣሉ። ደግሞ ወረዳ የሚቀጠር ሰው የሚተዳደረው በክልሉ አዋጅ ነው። የትኛው በሥራ ላይ እንዳለ ሲመዘገቡ መጠየቅ ነውር የለውም።

ስንት ቀን ላጥና?

ከምዝገባ እስከ ፈተና አንዳንዴ ሁለት ወር፣ አንዳንዴ አንድ ሳምንት ነው። ስለዚህ ጥሪ ሳይጠብቁ ሦስት ሳምንት ይመድቡ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ለሥራ መዘርዝሩና ለሙያ መመሪያው፣ ቀጣዮቹ አምስት ለሕግና ለጠቅላላ ዕውቀት፣ የቀሩት በሰዓት ተይዞ ለመለማመድ። በቀን ሦስት ሰዓት ይበቃል፤ ቤተሰብ ጋር ሆነው አዝመራ የሚያግዙ ከሆነ ጠዋት ከወፍ ጋር መነሳት እንጂ ማታ በድካም መጽሐፍ ላይ ማንቀላፋት አይጠቅምም።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ስልክ ቁጥር ሁለት ይስጡ፣ አንዱ የቤተሰብ ይሁን። ኔትወርክ በሚጠፋበት ቀን የሚደውል መሥሪያ ቤት «ደውለን አላገኘነውም» ብሎ ያልፋል። ጥሪው በሰሌዳ ብቻ ሊወጣም ይችላል፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያይልዎ ሰው ይኑር።

ለፈተናው መቼ ልነሳ?

ከፈተናው አንድ ቀን በፊት ከተማው ላይ ይደሩ። መንገድ ሊዘጋ፣ መኪና ሳይሞላ መናኸሪያ ሊቆም ይችላል። ከሞጣ ባሕር ዳር ለመድረስ በአዴት በኩል፣ ከቢቸና ደብረ ማርቆስ ለመድረስ በደጀን በኩል መውጣት ስላለ፣ ጠዋት ተነስቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መድረስ ዕድል መሞከር ነው። የአልጋና የምግብ ወጪውን አስበው ይመዝገቡ፤ የማይሄዱበት ከተማ ላይ መመዝገብ ራስን ማድከም ነው።

በክረምት ማስረጃዎን ፌስታል ውስጥ ይያዙ። ደብረ ማርቆስ ደጋ ነው፤ በሐምሌ ጠዋት ቀጥ ያለ ዝናብ ሰነድ ላይ ያለን ማኅተም ወደ ሰማያዊ ጭቃ ይቀይራል፤ የተበላሸ ማኅተም ያለው ዋና ማስረጃ ደግሞ ተቀባይነቱ ያጠያይቃል። ወፈር ያለ ሹራብም ይያዙ፤ ጣት ሲደነዝዝ ጽሕፈት ይጎተታል።

ፈተናው ክፍል ውስጥ ምን ይጥላል?

ስም መጻፍ። ፈተናው በኮድ የሚታረም ከሆነና መልስ መስጫው ላይ ስምዎን ወይም ፊርማዎን ካሰፈሩ ወረቀቱ ሊሰረዝ ይችላል። መመሪያውን ሳያነቡ እስክሪብቶ አያንሱ።

ቀጥሎ መልስን በጥያቄው ወረቀት ላይ አክብቦ መልስ መስጫውን ባዶ መተው። ፈታኙ «አሥር ደቂቃ ቀርቷል» ሲል የሚገለብጥ ሰው አንድ ቁጥር ይዘልና ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ይሳሳታል። አምስት አምስት ጥያቄ እየሠሩ ወደ መልስ መስጫው ያስተላልፉ።

60 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ከሆነ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ግን የማብራሪያ ጥያቄ 20 ነጥብ ከያዘ መጀመሪያ ለእሱ 25 ደቂቃ ይለዩ። ምርጫው ላይ ሁሉን ደቂቃ አቃጥሎ ማብራሪያውን በሁለት መስመር መዝጋት ለጎበዝም ደርሷል። ለማብራሪያ በመጀመሪያው መስመር ቀጥታ መልሱን፣ ቀጥሎ ምክንያቱን፣ ቀጥሎ አንድ ምሳሌ ይጻፉ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ የማይቀነስ ከሆነ ባዶ አይተዉ።

ስልክ በኪስ ይዞ መገኘት ብቻ ያስባርራል፤ ጠፍቷል ማለት አይሰማም።

ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ይጠይቁኛል?

ሦስት ወይም አምስት ሰው ፊት ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቅጽ ይሞላል። መጀመሪያ የሚመጣው «ራስዎን ያስተዋውቁ» ነው። የትውልድ ቀበሌና የቤተሰብ ታሪክ አይደለም የሚፈልጉት፤ ስም፣ የተማሩት፣ ለዚህ መደብ የሚጠቅም የሠሩት ነገር (የተግባር ልምምድ ያደረጉበት ቦታም ይሆናል) በአንድ ደቂቃ። «ይህ ጽሕፈት ቤት ምን ይሠራል?» ይባላሉ፤ በራፉ ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር (የአገልግሎቶቹን ዝርዝር) ቀድመው ቢያነቡ መልሱ እዚያው አለ። «ባለጉዳይ ተቆጥቶ ቢጮህብህስ?» ሲባል «እታገሣለሁ» ብቻ ማለት ነጥብ አያመጣም፤ ምን እንደሚያደርጉ በቅደም ተከተል ይናገሩ፦ አስቀምጬ አዳምጣለሁ፣ ጉዳዩን እመዘግባለሁ፣ በእኔ ሥልጣን ከሆነ ጊዜውን እነግረዋለሁ፣ ካልሆነ ወደሚመለከተው አደርሰዋለሁ። የማያውቁት ነገር ሲመጣ «አላውቀውም፤ እንዲህ አድርጌ አጣራዋለሁ» ማለት ከመዘባረቅ ይሻላል።

ሰው «ገንዘብ ከሰጠኸኝ ፈተናውን አመጣልሃለሁ» አለኝ።

አይስጡ። ምዝገባው ነፃ ነው፤ ኮፒና ፎቶ ብቻ ነው ወጪዎ። በቴሌግራም የሚሸጠው «ያልወጣ ፈተና» የድሮ ወርክሺት ሽፋኑ ተቀይሮ ነው፤ ሻጩ በቴሌብር ከወሰደ በኋላ ሂሳቡን ይዘጋል። የሐሰት ማስረጃ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ከዓመታት በኋላ በማጣራት ተገኝቶ የተከፈለ ደመወዝ ሊጠየቅበት የሚችል፣ በወንጀልም የሚያስከስስ ነው።

ሴት ወይም አካል ጉዳተኛ ተወዳዳሪ የተለየ ድጋፍ አላት?

አዎ፣ በመመሪያው የተወሰነ ተጨማሪ ነጥብ ወይም ቅድሚያ አለ። አካል ጉዳተኛ ከሆኑ ሲመዘገቡ ማስረጃውን ያቅርቡ፣ የሚያስፈልግዎንም (አንባቢ፣ ተጨማሪ ሰዓት፣ ምድር ቤት ያለ ክፍል) ያኔውኑ በጽሑፍ ያመልክቱ። ፈተናው ዕለት ጠዋት ቢያነሱት ሰው ለማግኘት አይቻልም።

ባንክና ቴሌም በዚሁ ይሄዳል?

አይሄድም። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚተዳደሩ ናቸው፤ የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀናት ነው። ፈተናቸው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የሎጂክ፣ የቁጥርና የቋንቋ ፈተና ነው። ዝግጅቱም ይለያል።

ውጤቱ ተለጠፈ፤ ነጥቤ ልክ አይደለም። ምን ላድርግ?

የቅሬታ ቀነ ገደቡ አጭር ነው፤ ውጤቱ ግርጌ ላይ ይጻፋል። ያው ዕለት ሰሌዳውን ከነቀኑ ፎቶ ያንሱ። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይሁን፦ ኮድዎ፣ የተሰጠዎ ነጥብ፣ የትኛው ክፍል እንደገና እንዲታይ እንደሚፈልጉ። «ዘመድ ስለሌለኝ ነው» የሚል ማመልከቻ ሰሚ አያገኝም፤ «ክፍል ሁለት ላይ ያሉት ነጥቦች ሲደመሩ 34 ሆነው ሳለ 24 ተጽፏል» የሚል ያገኛል። ገቢ ሲደረግ ኮፒዎ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስመቱ። ከተፈላጊው ቁጥር ቀጥሎ ያለ ሰው ተጠባባቂ ነው፤ ያለፈው ሰው ቀነ ገደቡ ውስጥ ካልቀረበ ይጠራል፣ ስልክዎን አይዝጉ።

አልፌያለሁ። ቀጥሎ ምን ይቀራል?

የጤና ማስረጃ ከመንግሥት ጤና ተቋም (የኤች አይ ቪ ምርመራ የቅጥር ቅድመ ሁኔታ አይደለም)፣ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ የአሻራ ማስረጃ ከፖሊስ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ከነበሩ መልቀቂያ። ገንዘብና ንብረት የሚይዝ መደብ ከሆነ ተያዥ ይጠየቃሉ፤ ተያዡ ደመወዝተኛ ሆኖ፣ መሥሪያ ቤቱ ደመወዙንና ሌላ ሰው አለመያዙን የሚገልጽ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ይህ ደብዳቤ ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ውጤት ሲለጠፍ ጀምሮ ሰው ማነጋገር ይሻላል።

የመጨረሻው ወረቀት የሕይወት ታሪክ ቅጽ ነው፤ ብዙ ሰው በጥድፊያ የሚሞላው እሱኑ ነው። እዚያ ላይ የሚጽፉት የትውልድ ቀን፣ ወርና ዓመት የጡረታ ዕድሜዎ (60) የሚቆጠርበት ነው፤ በኋላ ልቀይር ቢሉ ተቀባይነት የለውም። የ8ኛ ክፍል ካርዱ፣ ፋይዳውና ቅጹ አንድ ዓመት መናገራቸውን አይተው ይፈርሙ። የልጅና የወላጅ ስምም ለጡረታ ተተኪ ስለሚያገለግል ሙሉውን ይጻፉ፤ አንድ ኮፒ ቤትዎ ይቅር።